በሰቆጣ አውራ መንገድ ላይ የተተከለው ዳስ

ሰቆጣ ደርሼ መጣሁ። ይህን ስናገር አዲስ አበባ ያለው ወዳጄ ሁሉ ኮስተር ብሎ «በደኅና ነው?» ይለኛል። ወደዚያ የሚኬደው ክፉ ነገር ሲኖር ብቻ ይመስለዋል። እኔ ግን የሄድኩት መንገድና ሰፈር ላጠና ነበር፤ የተመለስኩት ደግሞ ትከሻዬ በእስክስታ ተሰባብሮ፣ ድምፄ በእልልታ ተዘግቶ ነው። መሄድ ለማይችልም፣ እየቻለ ለማይሄድም ሰው፣ የሆነውን ሁሉ ከመነሻው ላውጋችሁ።

አስቀድሜ ስለ ሥራዬ። እናቴ ሰው ሲጠይቃት «ልጄ መንገድ ታያለች» ብላ ስለምትመልስ ጎረቤቶቿ ትራፊክ ፖሊስ እመስላቸዋለሁ። ሥራዬ የከተማ ቅርጽ ማጥናት ነው። አንድ የቆየ ሰፈር ውስጥ ገብቼ መንገዱ የት እንደሚጠብ፣ የት እንደሚሰፋ፣ የቤቶቹ በር ወዴት እንደሚዞር፣ ሰው የት ቆሞ እንደሚያወራ አያለሁ። ከዚያ ትልቅ አዲስ ሰፈር ሲታቀድ ከድሮው ምን ይወሰድ የሚለውን እጽፋለሁ። ሰቆጣ የተጠራሁትም ለዚሁ ነው። ከከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ ትልቅ የመኖሪያ ሰፈር ሊሠራ ታቅዷል፤ እዚያ የሚያደርሰው ሰፊ አውራ መንገድ ደግሞ የድሮውን ሰፈር ሰንጥቆ ያልፋል። ረቂቅ ፕላኑ ሰኞ ለነዋሪው ቀርቦ ይወሰንበታል። ከዚያ በፊት መሬት ላይ ያለውን ማየት የኔና የባልደረባዬ የሙሉቀን ድርሻ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ስንነሳ ጉዞው ገና ከጅምሩ ቀልድ ቀልድ ይሸት ነበር። ካርታዎቻችንን የጠቀለልንበት ረጅም ቱቦ አውሮፕላኑ ውስጥ የትም አልገባ ስላለ እስከ ላሊበላ ታቅፌው ሄድኩ። ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ቄስ ሲያዩት ቆይተው «ሥዕል ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ካርታ ነው አባቴ። የሰቆጣ ካርታ።»

«ሰቆጣ እኮ አለች። ካርታ ምን ያደርግላታል?»

ይህን የሚመልስ ትምህርት አልተማርኩም። እሳቸውም አዝነውልኝ መሰለኝ ዳቦአቸውን ቆርሰው ሰጡኝ።

ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ የወሰደን ሹፌራችን ጋሽ ታደለ ነው። መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ይወጣል፣ ይታጠፋል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይታጠፋል። እኔ ከጀሞ መገናኛ ለመድረስ ግማሽ ቀን የምታገስ ሰው ስለሆንኩ ያን ሁሉ ተራራ ያለ አንድ የመኪና ጥሩምባ ስናልፍ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ፤ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ለፍየሎች ሁሉ እጄን አውለበለብኩ። ሙሉቀን ግን ታመመ። ሙሉቀን መሐንዲስ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ቀጥ ያለ ነገር ይወዳል። ሸሚዙ በካውያ ቀጥ ያለ ነው፣ የሚሠራው መንገድ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው፤ መታጠፊያ ደግሞ ያቅለሸልሸዋል። ጋዝጊብላ ላይ ምሳ ስንቆም የምግብ ቤቱ ሴትዮ ፊቱን አይታ ምንም ሳትጠይቅ ሎሚ ቆርጣ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። እኔና ጋሽ ታደለ የፍየል ጥብሱን ስናጣጥም እሱ ሎሚውን እየላሰ ቆየ። ስንነሳም ሴትዮዋ ለመንገድ ብላ ኪሱን በሎሚ ሞላችው።

ሰቆጣ ስንገባ አስቀድመን የያዝናቸው የሆቴል ክፍሎች ተይዘው ጠበቁን። የሆቴሉ ባለቤት ምንም አላፈረችም።

«ለሚዜዎች ሰጥቼባችኋለሁ፤ እንዳትቀየሙኝ። እሑድ ሠርግ ነው።»

«እና እኛስ?» አልኳት።

«እናንተማ ሙሽራዋ ቤት ታድራላችሁ!»

ይህን ያለችው የተሻለ ክፍል እንዳገኘችልን ሁሉ ኮራ ብላ ነው። እውነትም የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የሙሽራዋ እናት እትዬ ትርፌ አጠር ያሉ፣ ጠይም፣ ስቀው የማይጠግቡ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸውን ዝናሽን ነው የሚድሩት። በሩ ላይ ቱቦዬን ታቅፌ ቆሜ ሲያዩኝ «እንኳንም ሆቴሉ ሞላ!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ሙሉቀንና ጋሽ ታደለ አጥር ለአጥር ከሚገናኝ ጎረቤት ቤት ተሰጡ፤ እኔ ከዝናሽ ጋር አንድ አልጋ ደረሰኝ። ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያው በትሪና በብርጭቆ የተሞላ ክፍል ስለነበር ማታ በተገላበጥኩ ቁጥር አንድ ነገር ይንኳኳል። ዝናሽ ስቃ ስቃ ስለ ሙሽራው ነገረችኝ፤ የጋዝጊብላ ልጅ ነው፣ ሳውዲ ሠርቶ ተመልሶ ሰቆጣ ሱቅ ከፍቷል። «አዲሱ ሰፈር ሲሠራ ቦታ እናገኛለን ብለን ተመዝግበናል» አለችኝ። የዚያ ሰፈር ወረቀት እኔ እግር ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር፤ ኃላፊነቱ ያን ጊዜ ነው ትንሽ የቆረጠመኝ።

ዓርብ ሥራ ጀመርን። ሙሉቀን የአውራ መንገዱን መሐል መስመር መሬት ላይ ሊያወጣ መሣሪያውን አንግቦ ሄደ፤ እኔ የድሮውን ሰፈር ልሥል ገባሁ። ድንጋይ ካብ በግራ፣ ድንጋይ ካብ በቀኝ፣ መሐል ላይ አህያ ከጭነቷ ጋር ስትመጣ ሰው ወደ አንዱ በር ገብቶ የሚያሳልፋት ጠባብ መንገድ ነው። ገብቼ ብዙም ሳልቆይ ጠፋሁ። የከተማ ቅርጽ ስታጠና የኖረች ሴት ሰቆጣ ውስጥ ጠፋች! በአንዱ መንገድ ብወጣ አንድ ሜዳ ላይ ይጥለኛል፤ ተመልሼ በሌላው ብሄድ፣ ዞሮ ዞሮ ያው ሜዳ። ሜዳው ዳር በራፋቸው ላይ ምስር የሚለቅሙ እናት መጀመሪያ ዝም ብለው አዩኝ፣ ቀጥሎ ፈገግ አሉ፣ በመጨረሻ «ዛሬስ ወደድሽን» ብለው መቀመጫ ሰጡኝ። የጾም ቀን ስለሆነ በሽሮ ምሳዬን አበሉኝ። የሁሉም መንገድ አፍ እዚያ ሜዳ ላይ እንደሚከፈት ያየሁት እሳቸው ዘንድ ተቀምጬ እየበላሁ ነው።

ሜዳው ከእትዬ ትርፌ ቤት ጀርባ ነው። በካርታችን ላይ «ባዶ ቦታ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከላይ በሳተላይት ሲታይ ቤትም ዛፍም ስለሌለው ማለት ነው። ሙሉቀንም በዚሁ ባዶ ቦታ መሐል ለመሐል፣ ጫፋቸው ቀይ የተቀባ ችካሎችን ከዳር እስከ ዳር ሰክቶ ነበር። ከነዚያ ቀጥ ብለው ከተሰለፉ ችካሎች አጠገብ ቆሞ ደስታው ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት በመዶሻና በሳቅ ድምፅ ነቃሁ። ወጥቼ ሳይ የሰፈሩ ወንዶች ሜዳው ላይ ባሕር ዛፍ ያቆማሉ። ሥራውን የሚመሩት አያ ሞገስ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ከሠራተኞቹ ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ይነጋገራሉ፣ እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ ዞሩ።

«እንዴት አደርሽ! እንግዶቻችን ገና ዓርብ ቸክለውልን አደሩ። እግዜር ይስጣችሁ።»

ነገሩ ቀስ ብሎ ገባኝ። በዚያ ሰፈር ዳስ የሚተክለው ጎረቤት ነው፤ ባለ ሠርጉ ቤት እጁን አያስገባም። ሙሉቀንና ጋሽ ታደለ ደግሞ ጎረቤት ቤት አድረዋል። ስለዚህ በሠርግ ሳምንት ሜዳው ላይ ችካል ተሰክቶ ሲገኝ ማንም አልተገረመም፤ ጎረቤቶቹ የጎረቤት ሥራቸውን ሠርተዋል። በየችካሉ ቦታ ጉድጓድ ተቆፍሮ ምሰሶ ቆሟል። ዳሱ የአውራ መንገዱን መሐል መስመር ይዞ፣ ከሜዳው ጫፍ እስከ ሜዳው ጫፍ፣ ሳይዛነፍ ይዘረጋል።

ሙሉቀን የጥርስ ብሩሹን እንደያዘ ሮጦ መጣ። «አያ፣ ይህ እኮ የመንገድ ችካል ነው!»

«የምንም ይሁን፣ ቀጥ ብሏል» አሉት አያ ሞገስ። «በል ያቺን ምሰሶ ያዝ፤ ልትወድቅ ነው።»

ያዘ። ከዚያ በኋላ ማን ይለቀዋል? ረፋዱ ላይ ሳየው ብሩሹን ኪሱ ከትቶ፣ ሸሚዙን ሰብስቦ «ወደ ግራ! ትንሽ ወደ ግራ!» እያለ ሰው ያዛል። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ሳቄ ሲያልቅ ግን እትዬ ትርፌ ፊት ለፊቴ ቆመው ነበር፤ አለመናገር አልቻልኩም። ችካሉ የአውራ መንገድ መሆኑን፣ መንገዱ ይህን ሜዳ እንደሚበላው፣ ሰኞ በስብሰባ እንደሚወሰን ነገርኳቸው። ሜዳውን አዩት፤ ከዚያ የጓሯቸውን ድንጋይ ካብ አዩ። ግቢያቸው ጠባብ ነው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የእንጀራ ሞሶብ ይዞ አይተላለፍበትም። በሜዳው ዙሪያ ያሉት ሁሉ እንደዚያው ናቸው።

«እሑድ ትለፍና ሰኞ እንነጋገራለን» አሉኝ። «አሁን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፣ የኔ አካል።»

«ምንድን ነው?»

«ዳሱን እዪው እንጂ! ማን ይሞላዋል? አማቾቼ ገብተው ግማሹን ባዶ ቢያዩት ‹ሰው የላትም› አይሉኝም?»

እውነታቸውን ነው። እንደ ሙሉቀን ችካል ከሆነ የሰቆጣ ሰው ግማሹ መጠራት ነበረበት። አያ ሞገስ የተተከለ ዳስ አይነቀልም አሉ፤ እንግዲህ የቀረው ሰው መጨመር ነው። መድኃኒቱን ያመጣው ጋሽ ታደለ ነው። ነዋሪውን ለሰኞ ስብሰባ ልንጠራበት ያመጣነው ድምፅ ማጉያ መኪናው ላይ ነበር። ወዲያው ተነሳ፣ ከተማውን ዞረ፤ «ነገ እሑድ እትዬ ትርፌ ቤት ሠርግ! ሰኞ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ! ሁለቱም ላይ እንዳትቀሩ!» እያለ ከገበያው እስከ ከተማው መውጫ አስተጋባ። ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ስለሰማ ሠርጉ የመንግሥት፣ ስብሰባው የምግብ መስሎት እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም።

እኔ አዲስ አበባ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። ብሎኮቹ ሲሠሩ ሰው እንደሚያገባና እንደሚሞት ያሰበ የለም። ድንኳን የምንተክለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ መኪናውን ያላነሳው ሰው በየደረጃው ይፈለጋል፤ የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ቁልፉ ሚስቱ ጋር ነው፣ ሚስቱ ሥራ ናት። ለቀስተኛው በሁለት መኪና መሐል ወደ ጎን ተጠማዞ ይገባል። እሑድ ሰቆጣ ላይ ያየሁት ሌላ ነበር። ሙሽራው ከአጃቢዎቹ ጋር በአንዱ ጠባብ መንገድ እየጨፈረ መጥቶ ሜዳው ላይ ሲፈስ፣ ሴቶቹ በሌሎቹ መንገዶች ትሪ ተሸክመው ይገባሉ። እያንዳንዱ ቤት ወጥ ሠርቷልና ከየጓሮው የወጣው ሳይቀዘቅዝ ዳሱ ይደርሳል። ጠጁ በአንዱ መንገድ፣ ጠላው በሌላው፣ ሽማግሌዎቹ ፀሐይ በማይነካቸው በኩል። ማንም ማንንም አይገፋም፣ ማንም «በየት ልግባ?» አይልም። ወረቀቴን አውጥቼ ያን እሥል ጀመር፤ እሥል ጀመርና ዘፈኑ ሲግል ወረቀቱን ዝናሽ አጠገብ ጣልኩት።

ዳሱ ሞላ! ሞልቶ ተርፎ ዳር ዳሩን ሰው ቆመ። የሆቴሉ ባለቤት መጣች፣ ማጉያውን የሰማ ባጃጅ ነጂ ሁሉ መጣ፣ ከደሃና ወረዳ ለገበያ የመጡ ሰዎች አህዮቻቸውን አስረው ገቡ። እትዬ ትርፌ አማቾቻቸውን በጎን እያዩ እንደ ልጅ ይፈነድቃሉ። ሙሉቀን የማር ጠጅ ቀምሶ እስክስታ ገባ፤ ትከሻው እንቢ ስላለው በእግሩ ብቻ ወደፊት ሄዶ ወደኋላ ይመለሳል፣ ሰዎች ክብ ሠርተው ያጨበጭቡለታል። እኔም ወጣሁ፤ እንዴት እንደጨፈርኩ አልነግራችሁም። አመሻሽ ላይ ዝናሽ ስትሸኝ ሁሉም ሰው በየመንገዱ አፍ ቆሞ አያት። እናቷ አልቅሰው እኔንም አስለቀሱኝ፤ ካወቅኳት ሦስት ቀን ላልሞላ ልጅ እንደ እህቷ አለቀስኩ።

ሰኞ አዳራሹ እስከ በሩ ግጥም አለ፤ የጋሽ ታደለ ጥሪ ሠርቷል። ፕላኑን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ደግ ሰው ናቸው፣ የሚያሳስባቸውም እውነተኛ ነገር ነው፤ መንገዱ ካልወጣ አዲሱ ሰፈር አይጀመርም፣ ሰፈሩ ካልተጀመረ ቦታ የተመዘገበው ወጣት መጠበቅ ይሰለቸዋል። እኔ ጥናቴን አቀረብኩ። ባዶ ቦታ ያልነው ቦታ ባዶ አይደለም፣ መንገዱ በጎኑ ይታጠፍ፣ በአዲሱ ሰፈርም ለየጥቂት ቤቱ እንዲህ ያለ ሜዳ ይቀመጥ አልኩ። የሣልኩትንም አሳየሁ፤ ጠጅ ቢነካውም ይታያል።

ከኋላ አንድ ወጣት ተነሳ። «እኛ ቤት የምንሠራበት አጥተን በበረሃ ወደ ዓረብ አገር እየሄድን ነው። እናንተ ለዳስ ብላችሁ መንገድ ታጥፋላችሁ? ስንት ጊዜ ሊያዘገየን ነው?»

አዳራሹ አጉረመረመ፤ ግማሹ ከሱ ጋር ነበር። እውነቱን ነው የተናገረው። ያን ጊዜ እትዬ ትርፌ ከሴቶቹ መሐል ተነሱ። የትናንቱን የሠርግ ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ነበር።

«እኔ ልጄን ትናንት ድሬያለሁ» አሉ። «መንገዱን አልጠላሁም። ልጆቹም ቤት ይሥሩ፣ የኔዋም እዚያ ተመዝግባለች። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ከእንግዲህ እዚያ ሜዳ ላይ ለኔ ቤት የሚተከል ዳስ አንድ ነው የቀረው። እሱም የራሴ ነው። እሱን የት ታደርጉልኛላችሁ?»

ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«ፈጥኜ አልሄድም፣ አትደንግጡ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወደ ወጣቱ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ አዲሱ ሰፈር ስትገባ የትኛው ጋ ነው የምንድርህ?»

ወጣቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ፕላን አየ። እኩል እኩል የተቆራረጡ ቦታዎች፣ በመካከላቸው መንገድ፣ ሌላ ምንም የለም። «እኔም እኮ ገና አላገባሁም» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ እሱም ሳቀ። ሳቁ ሳያበቃ ሙሉቀን ተነስቶ እስክሪብቶውን አወጣ፤ አውራ መንገዱን በሜዳው ጎን አጥፎ ሣለው። ኃላፊው ቀርበው አዩትና መንገዱ ስንት ቤት እንደሚነካ ጠየቁ፤ በአዲሱ መስመር የሚነካው የማዘጋጃ ቤቱን የራሱን አጥር ነበር። «እሱንማ እኛው እናፈርሰዋለን» አሉ። መንገዱ እንዳይዘገይ ወዲያው እንዲጀመር፣ አዲሱ ሰፈር ደግሞ ሜዳዎቹ ገብተውበት ከዐቢይ ጾም በፊት ተስተካክሎ እንዲመጣ ተወሰነ። ይህን ስጽፍ እሱን እየሠራን ነው።

ማክሰኞ ስንነሳ እትዬ ትርፌ ነጭ ማር በጣሳ ይዘው ወጡ። ሙሉቀንን ሳሙት፣ ጋሽ ታደለን መረቁት፣ እኔን ደግሞ መኪናው በር ላይ ይዘው አቆሙኝ።

«ለዝናሽ የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

«ለኔውስ?»

«እትዬ፣ ምን ይላሉ እርስዎ!»

«ምን አልኩ? ያን ጊዜ እኔ ተነስቼ አላስተናግድሽም፤ ዳሱ ግን እዚያው ነው የሚሆነው፣ ታገኚዋለሽ» አሉኝ። «ጎረቤቶቼ በደንብ ያስቀምጡሻል።»

እየሳቅኩ መኪና ውስጥ ገባሁ። ጋዝጊብላ እስክንደርስ ድረስ እንባዬን ማቆም አልቻልኩም።